የመስቀል ወፍ ጠፋች ያለው ማነው?

(ደሴ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። ከድምፅ የተገለበጠ ስለሆነ የአፍ ወግ ይበዛዋል። ብዙም አልነካካሁትም።)

እንደምን ዋላችሁ! አሰላሙ አለይኩም! ሰላም ለሁላችሁ ይሁን።

ኋላ ያላችሁ ትሰማላችሁ? ማይኩ ትንሽ ያፏጫል። ይሁን፤ ስለ ወፍ ለሚያወራ ሰው ፉጨት አይከፋም።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ልጆቼ፣ ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ለማታውቁኝ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። እዚህ ከተቀመጡት ወላጆች ብዙዎቹን አስተምሬያለሁ። አንዳንዶቻችሁን ጥያችሁም ነበር መሰለኝ። ለዛሬ ይቅር በሉኝ።

በጥያቄ ልጀምር። አምና የመስቀል ወፍ ያየ እጁን ያውጣ። እሺ፣ ብዙ ነው። ካቻምና ያየ? አሁንም ብዙ ነው። አሁን ደግሞ ንገሩኝ፦ ስንት አያችሁ?

አያችሁ? ዝም። ይህን ጥያቄ የጠየቅሁት ሰው ሁሉ ዝም ነው የሚለኝ። ግን ያው ሰው ቡና ላይ ሲቀመጥ ምን ይላል? «ዘንድሮ እኮ የመስቀል ወፍ ጠፋ!» ይላል። ስንት እንደነበረ ሳያውቅ መጥፋቱን በምን አወቀ?

ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛ፣ ያልታየ ሁሉ የጠፋ አይደለም። ሁለተኛ፣ ቁናው አይቀየር። ሦስተኛው ስለ ትዕግሥት ነው። ከመንገድ ከወጣሁ መልሱኝ፤ መውጣቴ ስለማይቀር ነው።

አንደኛው። አንድ ዘመድ ከርሞ ከርሞ ብቅ ሲል «አንተ ደግሞ የመስቀል ወፍ ሆንክ!» እንለዋለን። በዓመት አንዴ የምትታይ ማለታችን ነው። ወቀሳው ለዘመዱ ይገባዋል። ለወፏ ግን አይገባትም። የትም አልሄደችማ!

ልጅ ሆኜ ከብት ስጠብቅ እናቴን «የመስቀል ወፍ በጋውን የት ነው የምትከርመው?» አልኳት። «ኢየሩሳሌም» አለችኝ። አመንኩ። ማን እናቱን አያምንም? ከዚያ በጥር ወር ከጓደኞቼ ጋር አውድማ ዳር ወጥመድ አጠመድን። ድንቢጥ የመሰለች ነገር ገባች። ቡናማ፣ ዝንጉርጉር፣ ምንም የማታስደንቅ። በእጄ ስይዛት ልቧ መዳፌ ላይ ድው ድው ይላል። ክንፏን በጣቴ ገለጥ ሳደርግ ትከሻዋ ላይ ቢጫ አለ። ወገቧም ላይ እንዲሁ። ልክ አዲስ ልብስ ከአሮጌ ጋቢ ሥር ሲታይ። ሮጬ ለእናቴ አሳየኋት። አየችና ትንሽ አሰበች። «ምናልባት ከመንገድ ተመልሳ ይሆናላ» አለችኝ። (ሳቅ)

ጉዳዩ ይህ ነው። እኛ አካባቢ በደጋው በብዛት የመስቀል ወፍ የምንላት ጥቁርና ቢጫዋን ነው። ዝቅ ወዳለው ቆላ ስትወርዱ ቀዩንም በዚሁ ስም የሚጠራ አለ። ጅራተ ረጅሟንም የሚጨምር አለ። ስሙ የአንድ ዝርያ ብቻ አይደለም። ጥቁርና ቢጫዋን ሳይንሱ ዩፕሌክቴስ ካፔንሲስ ይላታል። ፈረንጆቹ ደግሞ በላባዋ ድምቀት የተነሳ «ጳጳስ» ብለዋታል። እኛ መስቀል፣ እነሱ ጳጳስ። ሳንነጋገር ሁለታችንም ቤተ ክርስቲያን ወሰድናት።

የሚደምቀው ወንዱ ብቻ ነው። ክረምቱ ሲገባ ላባውን ይቀይራል። ሰንበሌጡ ሲረዝም ሣሩን እየጠለፈ የጎጆ ማገር ይሠራል። አንድ ብቻ አይሠራም። አንድ ሚስትም አይበቃውም። ሴቷ መጥታ ጎጆውን ካየችና ከወደደች ውስጡን ራሷ ታለሰልሰዋለች። በጋ ሲመጣ ወንዱ ያን ሁሉ ጌጥ አውልቆ ከሴቷና ከጫጩቶቹ ጋር ቡናማ ይሆናል። እናንተም «ድንቢጥ ነው» ብላችሁ ታልፋላችሁ።

ስለዚህ መስከረም ላይ የምንቆጥረው ምንድን ነው? ወፎቹን በሙሉ ነው? አይደለም። ልብስ የቀየረውን ወንድ ብቻ ነው። ሴቶቹ ሣር ውስጥ ናቸው። ጫጩቶቹ ጎጆ ውስጥ ናቸው። እውነተኛውን ቁጥር አናውቀውም። «ታዲያ ምን ይረባል?» ትሉኛላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ወደ ሁለተኛው የሚያሻግረኝም እሱ ነው።

ሁለተኛው፣ ቁናው አይቀየር። ሰኞ ገበያ ጤፍ የገዛችሁ ታውቃላችሁ። የሴትዮዋ ጣሳ ትክክል ላይሆን ይችላል። ትንሽ ጎድጎድ ብሎ ሊሆን ይችላል። ግን ሁልጊዜ በዚያው ጣሳ ከሰፈረችላችሁ፣ ዘንድሮ ከአምና በልጦ ወይም አንሶ መስጠቷን ታውቃላችሁ። ችግር የሚመጣው ጣሳውን ስትቀይረው ነው። የወፍ ቆጠራም እንደዚሁ ነው። ያው መንገድ፣ ያው ነጥብ፣ ያው ሰዓት፣ ያው ደቂቃ። ሙሉውን ቁጥር ባታውቀውም፣ መውጣትና መውረዱን ታውቀዋለህ።

አሜሪካኖቹ ይህን በደንብ ያውቁበታል። ቆጠራቸው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው የተጀመረው። በነገራችን ላይ የእኛው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም የተመሠረተው በዚያው ዓመት ነው። አንዱ መስመር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 50 ቦታ ይቆማሉ። በእያንዳንዱ ቦታ 3 ደቂቃ ብቻ። ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይጀምራሉ። በ3 ደቂቃ ያየኸውንና የሰማኸውን ትጽፋለህ። አራተኛው ደቂቃ ላይ ንጉሠ ነገሥት የሆነ ወፍ ቢመጣ አይጻፍም! የሚቆጥሩት ደግሞ በአብዛኛው ደሞዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

እኛም እዚህ ከተማሪዎቼ ጋር በ2003 ዓ.ም. ጀመርን። ከከተማው ጫፍ ተነስተን ወደ ገራዶ በሚወስደው መንገድ 12 ነጥብ መረጥን። በእያንዳንዱ ነጥብ 5 ደቂቃ። አንድ ሰው ያያል፣ አንድ ሰው ይጽፋል፣ አንድ ሰው ሰዓት ይይዛል። ባይኖኩላር አንድ ብቻ ነበረን። እሱም አንድ ዓይኑ ጭጋግ የያዘው ነው።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። በሦስተኛው ዓመት ቆጠርንና ቁጥሩ በጣም ወረደ። ልቤ ተሰበረ። አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ አግኝቶኝ ጠየቀኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ «የመስቀል ወፍ ከደሴ እየጠፋች ነው» አልኩ። ሰው ሁሉ ሰማ። በመንገድ ላይ «ጋሼ፣ እውነት ጠፋች?» ይሉኛል። እኔም «ጠፋች» እላለሁ። በዓመቱ ሄደን ስንቆጥር፣ ኧረ ወገኖቼ! ሰንበሌጡ በቢጫ ተንጫጫ።

ምን ሆነ? ደብተሩን መለስ ብዬ አየሁት። በዚያ ዓመት ትምህርት ሊጀመር ነው ብዬ ቆጠራውን ከመስቀል በፊት አድርጌዋለሁ። ዝናቡም ዘግይቶ ነበር የገባው። ወንዶቹ ገና ልብስ አልቀየሩም! ቡናማ ሆነው ፊቴ ተቀምጠው ነበር። እኔ ነኝ ያላየኋቸው። ወፏን ከደሴ ያጠፋኋት እኔ ነኝ፣ በሬዲዮ!

ከዚያ ወዲህ በዓመት 3 ጊዜ እንሄዳለን። ከመስቀል በፊት አንዴ፣ በመስቀል ሳምንት አንዴ፣ ጥቅምት ሲገባ አንዴ። ከሦስቱ ትልቁን እንወስዳለን። ሬዲዮ ላይ ደግሞ አልወጣም።

አሁን ከመንገድ ልወጣ ነው። ግን ይህችን ሳልነግራችሁ አልሄድም።

እንግሊዝ አገር ጉሮሮዋ ነጭ የሆነ አንዲት ትንሽ ዘማሪ ወፍ አለች። ስሟም እሱ ነው፣ ነጭ ጉሮሮ። በጋውን እነሱ ጋ ትፈለፍላለች። ብርዱ ሲመጣ ወደ አፍሪካ ትወርዳለች። ከሰሃራ በታች ያለው ሳህል ላይ ትከርማለች። እንግሊዞቹ እ.ኤ.አ. በ1962 የተለመዱ ወፎችን በየዓመቱ መቁጠር ጀመሩ። ለምን ጀመሩ? ስለ ድርቅ አስበው አይደለም። እርሻው እየተለወጠ፣ የተባይ መድኃኒት እየበዛ ሲሄድ ወፎቹ ምን ይሆናሉ ብለው ነው።

በ1969 ጸደይ ቆጣሪዎቹ እንደ ልማዳቸው ወጡ። አንዱ የራሱ ቁጥቋጦ ዝም አለበት። ሌላው የሱ ዝም አለበት። እያንዳንዱ «የእኔ ሰፈር ነው የተጎዳው» ብሎ ሊያስብ ይችላል። ደብተሮቹ አንድ ላይ ሲደመሩ ግን ምን ተገኘ? ከአምናዎቹ ነጭ ጉሮሮዎች አራት እጅ ቢሆኑ ሦስት እጁ የሉም። በአንድ ዓመት! እንግሊዝ ውስጥ ምክንያት ፈለጉ። ምክንያቱ እንግሊዝ ውስጥ አልነበረም። ሳህል ላይ ዝናብ ጠፍቶ ነበር። ወፎቹ በከረሙበት አለቁ።

ወገኖቼ፣ ይህን በሌላ ከተማ ብናገር ተረት ነው። ወሎ ውስጥ ግን ተረት አይደለም። ሳህል ላይ ዝናቡ ያኔ ጠፋ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1965 እና በ1966፣ ድርቁ ወሎን ምን እንዳደረጋት እዚህ የተቀመጡ አባቶች ያውቃሉ። እኔም ትንሽ አስታውሳለሁ። እንግሊዝ አገር አንድ ሰው ጓሮው ላይ ቆሞ የጻፋት ቁጥር ስለ አፍሪካ ዝናብ ተናገረች። እዚህ ግን የሰው ሞት ራሱ ተሸፍኖ ከረመ። ይህን ሳስብ ይከነክነኛል። ሌላ አልጨምርም።

እና ልብ በሉ። ሲጀምሩ ስለ መድኃኒት ነበር የጠየቁት። ያገኙት መልስ ስለ ድርቅ ነው። ዛሬ የምትቆጥረው ነገ ለምትጠይቀው ጥያቄ ነው። ወፏ ከዚያ ወዲህ አገግማለች። ከድርቁ በፊት ወደነበረችበት ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰችም። ይህንንም ያወቁት ስላላቋረጡ ነው።

ወደ መንገዴ ልመለስ። ሦስተኛው ትዕግሥት ነው። ይህ አጭር ነው፤ ሒሳብ ነው።

100 ወፍ አለ እንበል። በየዓመቱ ከመቶ 3 ይቀንሳል። በሚቀጥለው ዓመት 97። ሦስት ወፍ መጉደሏን ማን ያያል? ማንም። በዓይን አይታይም፤ በጆሮ አይሰማም። ግን በ23 ዓመት ውስጥ ግማሹ የለም። አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ የራሱን ልጅ ትምህርት ቤት ሲያስገባ ማለት ነው። ያ ልጅ ደግሞ 50ውን ሲያይ «ብዙ ነው!» ይላል። 100 አላየማ። አያቱ «በእኛ ጊዜ ማሳው ይንቀለቀል ነበር» ቢሉት ሽማግሌ ያጋንናል ብሎ ያልፋል።

ደግሞ የበዛ ነገር አይጠፋም አትበሉ። ድሮ እስያን የሞላች፣ ደረቷ ቢጫ የሆነች፣ ባንቲንግ የሚሏት ወፍ ነበረች። እህል ለቃሚ ናት፣ እንደኛዋ። እያጠመዱ በሏት። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2013 ባለው ጊዜ ከመቶ 84 እስከ 95 የሚሆነው ቁጥሯ ወረደ። አሜሪካኖቹም የብዙ ዓመት ደብተራቸውን ደምረው በ2019 ያወጡት ውጤት ከ1970 ወዲህ 3 ቢሊዮን ገደማ ወፍ መጉደሉን ነው። ከመቶ 29 ማለት ነው። የጎደሉት ብርቅ ወፎች ብቻ አይደሉም። ሁሉም ሰው ደጁ ላይ የሚያያቸው፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው ናቸው።

ከእኛ አገርም አንድ ልጥቀስ። ነገሌ ቦረና አጠገብ ሊበን ሜዳ ላይ አንዲት ትንሽ የሜዳ ወፍ አለች፣ ሊበን ላርክ። ተመራማሪዎቹ በዚያው መስመር እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2009 እየተጓዙ ቆጠሯት። በሁለት ዓመት ያገኙት ቁጥር ከመቶ 40 ቀነሰ። ግጦሹ በዝቶ፣ ቁጥቋጦው ወርሮ፣ እርሻው ገፍቶ ሜዳዋ እየጠበበ ነው። እሷን ሁለት ዓመት አጋለጣት። የእኛዋ ገና ብዙ ናት። ለውጧ ካለ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ በሁለት ዓመት ደብተር አትፍረዱ። እኔ በሦስት ፈርጄ ያፈርኩትን አፈርኩ።

«ታዲያ የ12ቱ ነጥብ ውጤት ምንድን ነው?» የሚል ፊት አያለሁ። አንዳንዱ ነጥብ ይወጣል፣ ይወርዳል። ዝናቡ ያለበት ነው። አንዳንዱ ላይ ሰንበሌጡ ተነቅሎ ባሕር ዛፍ ተተከለ። እዚያ ምን እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም። ስለ ሰባተኛው ነጥብ ግን ልንገራችሁ።

ሰባተኛው ነጥብ ጥሩ ሣር የነበረበት ዳገት ነው። ከዓመታት በኋላ ቤት ተሠራበት። ቆርቆሮ አጥር ታጠረ። ልጆቹ «ጋሼ፣ ነጥቡን ወደ ታች እናዛውረው። እዚያ ሣር አለ፣ ወፍም አለ» አሉኝ። እምቢ አልኩ። ወፍ ያለበትን ቦታ እየፈለግን ብንቆጥር ወፍ መቼ ሊጎድልብን ነው? የመጨረሻዋ ወፍ እስክትሞት ድረስ «ደህና ነው» እያልን እንጽፋለን።

እናም አንዲት ተማሪዬ፣ ዛሬ እዚህ አለች፣ አላሳፍራትም፣ ያ ቆርቆሮ ፊት ሰዓቷን ይዛ ቆመች። ዘበኛው ወጣ።

«ምን ፈልገሽ ነው፣ እህቴ?»

«የመስቀል ወፍ።»

«እዚህ የለም።»

«አዎ፣ አባቴ። የለም ብዬ ልጽፍ ነው። ሁለት ደቂቃ ይቀረኛል።»

ዘበኛው ግራ ገባው። ወንበሩን አወጣላት። አብሯት ቆርቆሮውን አየ። ሁለት ደቂቃ አለቀ። ዜሮ ብላ ጻፈች። በሚቀጥለው ዓመት ስትሄድ ገና ከሩቅ «ዘንድሮም የለም!» አላት። ቁጥሩን ራሱ ይዞ ጠበቃት።

ዜሮ ቁጥር ነው፣ ልጆች። ሄደህ፣ ቆመህ፣ አይተህ ያጣኸው ነው።

ባዶ ግን ሌላ ነው። በደብተራችን ውስጥ የ2014 መስመር ባዶ ነው። ለምን እንደሆነ ለደሴ ሰው አላስረዳም። በመስቀል ሰሞን ትምህርት ቤቶቻችን በተፈናቀሉ ሰዎች ተሞልተው ነበር። ይህም አዳራሽ ፍራሽ በፍራሽ ነበር። በጥቅምት ደግሞ እኛም ተራችን ደረሰ። ወፍ ሊቆጥር የወጣ ሰው የለም። ወፎቹ ነበሩ? እኔ አላውቅም።

ኋላ ላይ አንድ ልጅ ደብተሩን ኮምፒውተር ላይ ገለበጠልኝ። ጎበዝ ልጅ ነው። ግራፉን ሲያሳየኝ መስመሩ ሳይቆረጥ ይሄዳል። «2014 ላይ ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» አልኩት። «ጋሼ፣ የ13ንና የ15ን ደምሬ ለሁለት አካፈልኩት። ተቆርጦ ሲታይ ደስ አላለኝም» አለኝ። በቅንነት ነው። አልተቆጣሁትም። ግን አስጠፋሁት። አሜሪካኖቹም እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት ያን ቆጠራቸውን ሰርዘዋል። ያን ዓመት አልቆጠሩምና አልሞሉትም። እኛም ግራፉ ላይ አንድ ቦታ ላይ መስመሩ ይቆረጣል። ከአንድ ጣት የማይሰፋ ክፍተት ናት። ሳያት ግን ያው ጥቅምት ትዝ ይለኛል።

በቃ፣ ጊዜዬን ጨርሻለሁ፤ አስተባባሪዋ በዓይኗ እያየችኝ ነው። አንድ ማስታወቂያ ብቻ። የፊታችን እሁድ የመጀመሪያው ዙር ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል የመጀመሪያው ነጥብ ላይ እንገናኛለን። የዘገየ ሰው አይጠበቅም፤ ወፏ አትጠብቅምና። ጃኬት ያዙ፣ ጦሳ ላይ ጉም ሊኖር ይችላል። ቀይ ሻሽ፣ ደማቅ ቢጫ ሹራብ አትልበሱ። ስልካችሁ ድምፁ ይጥፋ።

እስክሪብቶ ደግሞ አታምጡ። አንድ ዓመት ዝናብ መታንና የአምስት ነጥብ ቁጥር ሰማያዊ ውሃ ሆኖ ወረደ። እርሳስ አምጡ። መቅረጫ እኔ ይዣለሁ።